ከቢጫው መስመር ወዲህ

መምህሩ ወድቆ የተገኘው ከቢጫው መስመር ወዲህ፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት በኩል ነበር። ወለሉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተለጠፈው ቢጫ ፕላስተር ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ከመስመሩ ወዲያ አንድ ጠረጴዛ፣ በላዩም ብልቃጦችና እርሾ የሚማሰልበት መሣሪያ አለ። ከመስመሩ ወዲህ ደግሞ ትልቁ የቢራ መጥመቂያ ድስት፣ የእቃ ማጠቢያ ገንዳና አንድ የእንጨት ወንበር። ሰውየው ወንበሩ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ሰማያዊ ሽርጡን እንዳሸረጠ፣ ገና ከሳጥኑ የወጣ አዲስ ማማሰያ ደረቱ ላይ ታቅፎ ነበር።

መርማሪዋ ወደዚያ ቤት የተላከችው በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት ነው። አለቃዋ ነገሩን እንደ ቀላል ነበር ያየው፤ የልብ ሕመምተኛ ሞተ፣ ቅጹን ሞልተሽ ነይ አላት። እሷ ደግሞ ቅጽ መሙላት የማይሆንላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እትዬ ለምን» ይሏታል። እንደሚሏት ታውቃለች፤ ደስ እንደሚላት ግን ማንም አያውቅም።

የሟቹ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ስታለቅስ አድራ ድምፅዋ ጠፍቷል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ መርማሪዋ ገና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ።

«በምን?»

«በስጦታ።»

መርማሪዋ አጠገቧ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷም ከሥሩ ጀምራ ነገረቻት። አባቷ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ልቡ ምቷን እየሳተች ስታስቸግረው፣ ሐኪሞች ከግራ ትከሻው በታች ከቆዳው ሥር ትንሽ መሣሪያ አስገቡለት። ልቡ ስትስት መሣሪያው በኤሌክትሪክ ምት መትቶ ይመልሳታል። ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ ሦስት ጊዜ ከሞት መልሶታል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ተከልክሏል። ኃይለኛ ማግኔት ከተጠጋው መሣሪያው ያንቀላፋል።

ችግሩ ሰውየው ቢራ መጥመቅ ይወዳል። እርሾ ደግሞ ወደ ትልቁ ድስት ከመግባቱ በፊት በብልቃጥ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን መራባት አለበት፤ እንዲራባም ሳያቋርጡ እያማሰሉ አየር መስጠት ነው። ለዚህ ነው ማማሰያው የተሠራው። ብልቃጡ ውስጥ ክኒን የምታክል ነጭ የማግኔት ዘንግ ትገባለች፣ ከሥር ማግኔት ይሽከረከራል፣ ዘንጓም እየተከተለች ትዞራለች።

«አባቴ እንዳይነካው ብለው ጋሼ ሞገድ ናቸው የሠሩለት» አለች ልጅቷ። «ከአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያና ከሁለት ክብ ማግኔቶች። መስመሩንም የለጠፉት እሳቸው ናቸው። የልብ ሐኪሟ አንድ ክንድ ይራቅ ብላ ነበር፣ ጋሼ ሞገድ ሦስት ክንድ አደረጉት። አባቴ በወዲህ፣ እሳቸው በወዲያ ሆነው አራት ዓመት ጠመቁ።»

ሞገድ የአባቷ ጓደኛ ነው፤ ራዲዮ ጠጋኝ ስለሆነ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ሁለቱ በአርባ ዓመት ጓደኝነታቸው አንድም ቀን ተኳርፈው አያውቁም። እሷንም በትከሻው ተሸክሞ አሳድጓታል። ሰሞኑን የድሮው ማማሰያ ማስቸገር ጀመረ፣ ዘንጓን እያሽቀነጠረ። የአባቷ ልደት ሐሙስ ነበርና አዲስ ገዝታ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከነሳጥኑ አመጣችለት። ሳጥኑን በሩ ጋ አስቀምጣ፣ ጋሼ ሞገድ ሲመጡ ይክፈቱልህ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለላት።

«አዲስ ግዢ ያለሽ ሰው አለ ወይስ ራስሽ አሰብሽው?»

«ጋሼ ሞገድ ናቸው። የትኛውን እንደምገዛም እሳቸው ነገሩኝ። ሳይሰማ ይሁን፣ ድንገት ደስ ይበለው አሉኝ።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ትናንት ሲያለቅሱ ‹ምነው ባልገዛሽው ኖሮ› አሉኝ። እውነታቸውን ነው።»

መርማሪዋ ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። የሚያጽናና ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊያመልጠው ይችላል፤ ሐዘን ምላስ ያስታል። ግን ነገሩ አልተመቻትም።

«አባትሽ ሰሞኑን ያልተለመደ ነገር ብሎሽ ነበር? እንደ ቀልድም ቢሆን?»

ልጅቷ ከእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «‹ልቤ በስተርጅና ብረት መሳብ ጀመረች› ብሎኝ ነበር። የጠርሙስ መክፈቻው ደረቱ ላይ ተለጠፈበት። ለሐኪሟ እንንገራት ስለው፣ ‹ጠይቄያለሁ፣ ያለ ነገር ነው ተብያለሁ› አለኝ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሐኪሟ ትሆናለች እንጂ ሌላ ማንን ይጠይቃል?»

መርማሪዋ ከዚያ ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ምንም ሳትነካ ዞራ አየች። የሞተ ሰው ሽታ ሳይሆን የእርሾ ሽታ ነው ያለው። የኋላው በር ወደ ጠባብ መተላለፊያ ይከፈታል። ቁልፉ ያለው መምህሩና ሞገድ ጋ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የድሮውን ማማሰያ አየችው፣ በእንጨት ሳጥን የተሠራ፣ ጥንቅቅ ያለ ሥራ። ብልቃጥ ውስጥ ውኃ ጨምራ ዘንጓን ጣለችበትና መቆጣጠሪያውን ቀስ አድርጋ አዞረችው። ዘንጓ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ተሽቀንጥራ ብልቃጡን ዳር መታች።

ከሆስፒታሉ በፕላስቲክ ከረጢት የተመለሰላትን ሽርጥ መስኮቱ ሥር ዘረጋችው። ከደረቱ ኪስ ግራ ጥግ፣ በሰማያዊው ጨርቅ ላይ፣ ቡናማ ነገር አለ። ሳንቲም የምታክል ክብ ዝገት ናት። አጉልቶ በሚያሳየው መነጽሯ ስታየው ክቡ፣ ድስት ከሚፈተግበት ሽቦ የረገፉ ፀጉር የመሰሉ ቁርጥራጮች የሞሉበት ነው። እዚያው ተሰብስበው፣ በእርጥቡ ሽርጥ ላይ ቀስ በቀስ ዝገዋል። ከሌላው የሽርጡ ክፍል ላይ አንዲት እንኳ የለችም። የኪሱ ገበር ደግሞ ከታች ተተርትሮ፣ በሌላ ክር ተሰፍቶ፣ እንደገና በምላጭ ተቀዷል። ከክሩ የቀሩ ሁለት ነጭ ቋጠሮዎች ጣቷ ላይ ሰም ሰም አሏት።

ከዚያ ወደ ሞገድ ሱቅ ሄደች። ሱቁ ከመንገዱ ጥግ ያለች፣ እስከ ጣሪያዋ በሬሳ ራዲዮዎች የተሞላች ጠባብ ክፍል ናት። ሞገድ ቀጭን፣ ሽበቱን በጥንቃቄ የሚያበጥር ሰው ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። እንደሚለው ሰባት ሰዓት ላይ ሄዶ አገኘው፣ ነካው፣ ቀዝቅዞ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሥራ ላይ ነበር። ማማሰያው አርጅቷል አለ፣ ማራገቢያው ደክሟል። ሁሉንም ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ወንድሜ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ልጅቷን ግን አደራ፣ አይውቀሱብኝ። በደስታ ነው አቅፎት የሞተው። እሷ ምን ታድርግ?»

መርማሪዋ ከጀርባው ያለውን ተከፍቶ የተቀመጠ ትልቅ ራዲዮ ትመለከት ነበር። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች በአንድ ላይ ተጠቃለው፣ በየጣት ርቀቱ በነጭ ክር ተቋጥረዋል።

«ያምራል» አለች። «ዛሬ እንዲህ የሚያሥር አለ?»

«በሰም የተቀባ ክር ነው። አይንሸራተትም።» ለአፍታ ሐዘኑን ረስቶ ኮራ። «የአሁን ልጆች በፕላስቲክ ማሠሪያ ነው የሚገላገሉት።»

ሦስተኛው ሰው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፣ ልብስ ሰፊ። የሚሠራው በዚያው ቤት በፊተኛው ክፍል ሲሆን፣ የኋላውን ክፍል ለስፌት መኪናዎቹ ፈልጎ ከወንድሙ ጋር ሲነታረክ እንደኖረ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ጎረቤት እንዲያውም ነገሩን ጨርሶ ፈርዶበታል። መርማሪዋ ሽርጡን ስታሳየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አገላበጠው፣ ፊቱም ጨለመ።

«ሽርጡን እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ይሄንን ግን እኔ አልነካሁትም» አለ ገበሩን እያሳየ። «ይሄ ስፌት አይደለም፣ ማሠር ነው። ሰፊ እጁ ይሄዳል፤ ይሄ ሰው በያንዳንዱ ቀዳዳ እየቆመ ቋጥሯል። መርፌ ይዞ የማያውቅ፣ ማሠር ግን የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ኪሱን ለምን ይከፍቱታል?»

«አንድ ነገር ለመክተት ነዋ።» ወዲያው የተናገረው ነገር ገባው መሰል፣ ሽርጡን ቀስ አድርጎ መለሰላት። ያ ሁልጊዜ የሚነጫነጭ ሰው ወንበሩን ጎተተላት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ የልብ ሐኪሟን ቢሮዋ ድረስ ሄዳ አነጋገረቻት። ሐኪሟ መምህሩ ስለ ብረት መሳብ አንድም ቀን ጠይቋት እንደማያውቅ ነገረቻት፤ ቢጠይቃት ኖሮ በዚያው ሰዓት ታስጠራው ነበር። ከአስከሬኑ የወጣውን መሣሪያ ከማንበቢያው ጋር አገናኝታ አንድ ወረቀት አተመችላት። መርማሪዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወደ ቢሮዋ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ልጅቷን ነበር የምታስበው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም በዚያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ የእንጨት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ገንዳውን ተደግፎ ቆመ። ሞገድ እንደ ወትሮው ከመስመሩ ወዲያ፣ ጠረጴዛው ጋ ሄደ፤ ማንም እዚያ ቁም አላለውም። አንድ ፖሊስ የኋላውን በር ዘግቶ ቆሟል።

«ከአንድ ጥያቄ ነው የጀመርኩት» አለች መርማሪዋ። «አራት ዓመት ሙሉ ያንን መስመር ያልረገጠ ሰው፣ ምን ሆኖ ነው ማግኔት ደረቱ ላይ የሚያቅፈው? በደስታ ተባለ። ደስታ ሰውን ያስረሳል፣ እሺ። ግን ይህ ሰው የኬሚስትሪ መምህር ነበር።»

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ደረቱ ውስጥ የነበረው መሣሪያ ማግኔት ሲጠጋውና ሲርቀው ሰዓቱን ይመዘግባል። ሐሙስ ዕለት ማግኔት የተጠጋው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሽርጡን ባሸረጠበት ሰዓት ማለት ነው። ልጄ፣ አንቺ ሳጥኑን ያመጣሽው ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ አይሰማም።

«አራት። ስጦታሽ በዚህ በር ሲገባ መሣሪያው ካንቀላፋ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል።» ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ያዢው፣ ያንቺ ቅጂ ነው። በተጠራጠርሽ ቁጥር የምታዪው ይሄንን ነው።»

ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው። አላነበበችውም፤ ያዘችው ብቻ።

መርማሪዋ ቀጠለች። ልቡ የቆመችው አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። መሣሪያው ስህተቱን አይቷል፣ መዝግቧል፣ ግን ሊመታ አልቻለም። ማግኔቱ ከደረቱ የራቀው ደግሞ ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። የሞተ ሰው ተነሥቶ ማግኔት ከደረቱ አያነሣም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት አንድ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ማግኔቱን ከሽርጡ ገበር በምላጭ ቀዶ ያወጣ፣ በምትኩም አዲሱን ማማሰያ ያሳቀፈው። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ማንንም አላየም፣ ምክንያቱም ሰውየው የገባው በቁልፉ ከኋላ ነው።

«ደግሞ የአንድ ቀን ነገር አይደለም» አለች። «መሣሪያው አሥራ አንድ ቀን ይቆጥራል። አሥራ አንድ ቀን ሽርጡን ባሸረጠ ቁጥር ማግኔቱ አብሮት ነበር። የሰፋበት ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ልቡ በቅርብ ጊዜ እንደገና እንደምትስት ነው። ቁጭ ብሎ ጠበቀ።»



መርማሪዋ መስመሩን ተሻግራ የድሮውን ማማሰያ ገለበጠችው። አራት ብሎን ፈታች። ማራገቢያው ላይ ሳንቲም የሚያካክሉ ሁለት ማግኔቶች ተጣብቀዋል። አንደኛው የተጣበቀበት ማጣበቂያ ዕድሜ ቢጫ አድርጎታል። የሌላው እንደ ውኃ የጠራ ነው፣ ውስጡም አንዲት ሰማያዊ የጨርቅ ክር ቀርታለች። ዘንጓን አስጠጋችው። የዘንጓ አንድ ጫፍ ወደ ሁለቱም ማግኔቶች ይሳባል፣ ሌላኛው ጫፍ ከሁለቱም ይሸሻል።

«የዘንጓ አንዱ ጫፍ በአንዱ ማግኔት፣ ሌላው በሌላው መያዝ ነበረበት፤ አንደኛው ማግኔት ግን ተገልብጦ ነው የተጣበቀው። ለዚህ ነው ዘንጓን መያዝ ያቃተው። ማግኔቱ አሥራ አንድ ቀን ከዚህ ጠፍቶ ስለነበር ማማሰያው አስቸገረ፤ ስላስቸገረ አዲስ ግዢ ተባለ፤ የተገዛውም ጥፋቱን እንዲሸከም ነው። ሐሙስ ከሰዓት ማግኔቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሠራተኛ ማግኔት ገልብጦ የሚያጣብቀው እጁ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው።» ወደ ሞገድ ዞረች። «ሽርጡ ላይ የቀረው ክር በሰም የተቀባ ነው። አይንሸራተትም።»

ሞገድ ፊቱ ዓመድ መሰለ። የተከፈተውን ማማሰያ ነበር የሚያየው፣ እንደ ባለሙያ፣ የተገለበጠውን ማግኔት። ያን ጊዜም ስህተቱ እያሳፈረው ይመስል ነበር።

«ጋሼ?» አለች ልጅቷ።

«በስሜ ልኬያታለሁ» አለ ሞገድ ወደ ማንም ሳያይ። «እርሾዋን። ከጓሮው ዛፍ አበባ ላይ ያነሣናትን። ቢራ ፋብሪካው ወደዳት። የኔ ናት፣ ብቻዬን ነኝ ያገኘኋት አልኩ። ከዚያ ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ ያደገችበትን ቤት መጥተን እንይ አሉ። እሱ በር ሊከፍትላቸው ነው። በሱ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ዕቃ ስጠግን ኖሬ፣ አንድ ነገር በስሜ ቢጠራ ብዬ…»

መርማሪዋ ከመምህሩ የጥመቃ ደብተር መሃል ያገኘችውን ወረቀት ዘረጋች። ዓርብ ማታ ስታነበው ሦስት ጊዜ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀምጣለች። እስካሁን ያዘገየችውም ልጅቷ መጀመሪያ ነጻነቷን ይዛ እንድትሰማው ብላ ነው።

«ፋብሪካው ጠይቆት ነበር» አለች። «የላኩላቸው ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ የሱ እጅ ነው፤ አድራሻውም አለበት። ደብዳቤ ጻፉለት። የመለሰላቸው ይኸውና፣ ረቂቁ።» አነበበችው።

«‹እርሾዋን ያገኘናት አብረን ነው። ነገር ግን እኔ በልቤ ምክንያት ከቢጫው መስመር ወዲህ ተቀምጬ ያየሁ ነኝ፤ ያሳደጋት እጅ የእርሱ ነው። በእርሱ ስም ትጠራ። ለምን እንዳልነገረኝ አልጠይቀውም፣ ሲመቸው ራሱ ይነግረኛል። ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታሳዩት አደራ፤ ያፍራል።›»



«መቼ ነው የጻፈው?» አለ ሞገድ።

«ማግኔቱን ከመስፋትዎ አሥር ቀን በፊት።»

ሞገድ ጠረጴዛውን ያዘ። አንድ ብልቃጥ ተንከባልሎ ወለሉ ላይ ተሰበረ፤ ያየው የለም። ልጅቷ ከወንበሩ ተነሥታ እስከ መስመሩ መጣች፣ የእግሯን ጣቶች ከፕላስተሩ ጠርዝ አድርጋ ቆመች፣ አባቷ አራት ዓመት ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ይቆምበት በነበረው ቦታ።

«አባቴ ልቡ ለምን ብረት እንደምትስብ የጠየቀው አንተን ነው» አለችው። አፏን ከፈታች ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ነው። «ሐኪሟን መስሎኝ ነበር። አንተን ነው። ምን ብለህ መለስክለት?»

ፖሊሱ ከበሩ ፈቀቅ አለ። መርማሪዋ በእጇ ምልክት አስቆመችው።

«ንገረኝ። ያልከውን ቃል ነው የምፈልገው።»

ሞገድ አንገቱን ደፋ። ሲመልስ ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ያኔም ለጓደኛው የተናገረበት ድምፅ ሳይሆን አይቀርም።

«አይዞህ አልኩት።»